ከዊንዶውስ 10 ወዴት? የዴስክቶፕ ሥርዓተ ክወናዎች ጥቅምና ጉድለት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ በመሥሪያ ቤቶችም በኮምፒውተር ጥገና ቤቶችም ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ "ኮምፒውተሬ ሊዘጋ ነው?" የሚል። መልሱ እንደ መላሹ ይለያያል። አንዱ አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛት ውጪ መፍትሔ እንደሌለ ይናገራል፤ ሌላው ዊንዶውስ 11ን በአሮጌው ማሽን ላይ አስገድዶ እንደሚጭን ቃል ይገባል፤ ሦስተኛው ሊነክስ ነፃ ስለሆነ ወደዚያ መዞር ይሻላል ይላል፤ ማክ የያዘው ደግሞ ክርክሩን ከዳር ሆኖ ይመለከታል። እያንዳንዱ ምክር የራሱ እውነት ቢኖረውም፣ አብዛኛው የሚሰጠው ኮምፒውተሩ ምን ሥራ እንደሚሠራበት ሳይጠየቅ ነው።

ሥርዓተ ክወና የሚባለው በኮምፒውተሩ አካልና በምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች መካከል ሆኖ ፋይሉን፣ ራሙን፣ ፕሪንተሩንና ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው። ለአንዱ ሥርዓት የተሠራ ፕሮግራም በሌላው ላይ እንዳለ አይሠራም። የንጽጽሩ ክብደት ያረፈው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሥርዓተ ክወናን የሚመርጥ ቢመስለውም፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የለመደው ፕሮግራም መርጦለት ይገኛል።

በእርግጥ የቆመው ምንድን ነው?

ዊንዶውስ 10 አልተዘጋም። ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ይከፈታል፣ ፋይሎቹ በቦታቸው አሉ፣ ወርድም ኤክሴልም ይሠራሉ። የቆመው በየወሩ በነፃ ይላክ የነበረው የደኅንነት ማሻሻያ፣ በተለምዶ "አፕዴት" የምንለው ነው። ጉዳቱ በአንድ ቀን ስለማይታይ ብዙዎች ነገሩን እንደ ማስፈራሪያ ይቆጥሩታል። አደጋው የሚመጣበት መንገድ ግን ግልጽ ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 በጣም ብዙ ኮድ ይጋራሉ። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 11 ላይ የተገኘ ቀዳዳ ሲደፍን፣ አጥቂዎች ማሻሻያውን ከቀድሞው ኮድ ጋር በማነጻጸር ቀዳዳው የት እንደነበረ ይረዳሉ፤ ያው ቀዳዳ በዊንዶውስ 10 ላይ ሳይደፈን ይቀራል። አንዱን ቤት ለማጠር የወጣው ዕቅድ የጎረቤቱ አጥር የት ላይ እንደፈረሰ ይጠቁማል እንደማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ማይክሮሶፍት ቫይረሱ የተጠቀመበትን ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ ያወጣው ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት ነበር። የብሪታንያ የጤና አገልግሎትን ጨምሮ የተጠቁት ተቋማት በአብዛኛው ድጋፍ ያልተቋረጠበትን ዊንዶውስ 7 የያዙ፣ ነገር ግን ማሻሻያውን ያልጫኑ ነበሩ። ይህ እኛንም ይመለከታል። የኢንተርኔት ጥቅል ይበላል በሚል አፕዴቱ ከዓመታት በፊት የተዘጋበት ኮምፒውተር፣ ድጋፉ የተቋረጠበት ያኔ በገዛ ባለቤቱ እጅ እንጂ ጥቅምት 4 ቀን አይደለም።

የዊንዶውስ 11 መስፈርት ያስነሳው ክርክር

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይጠይቃል፤ ይህን አብዛኛው ላፕቶፕ ያሟላል። ብዙዎችን ከበር የሚመልሰው ሌላው መስፈርት ነው። ቲፒኤም 2.0 የተባለው የይለፍ ቃልና የምስጢር ቁልፍ የሚጠብቅ የደኅንነት ክፍል ያስፈልጋል፤ በኢንቴል በኩል ደግሞ ፕሮሰሰሩ ከጥቂቶች በስተቀር 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ ወዲህ የተሠራ መሆን አለበት።

ይህን በቅርብ ለማየት በአዲስ አበባ ገበያ በብዛት የሚገኙትን ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች መውሰድ ይቻላል፤ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ4 እና 840 ጂ5። በሁለቱም ላይ የተለጠፈው ምልክት "ኮር አይ5" ይላል። ጂ4ቱ ውስጥ አይ5-7300ዩ፣ ጂ5ቱ ውስጥ በአብዛኛው አይ5-8350ዩ ይገኛል። እስከ 9ኛ ጀነሬሽን ባሉት ላይ ከሰረዙ በኋላ ያለው የመጀመሪያው አኃዝ ጀነሬሽኑን ይናገራል፤ 7 ያለው ከመስፈርቱ ውጪ ነው፣ 8 ያለው ገብቷል።

ማይክሮሶፍት መስፈርቱን ያወጣሁት ለደኅንነት ነው ይላል፤ በፕሮሰሰሩ ድጋፍ ዋና ዋና የሥርዓቱን ክፍሎች ለይቶ የሚጠብቀው ዘዴ በአሮጌ ማሽን ላይ ኮምፒውተሩን ያዘገያልና አባባሉ መሠረት የለሽ አይደለም። ተቺዎች በበኩላቸው ኩባንያው 7ኛ ጀነሬሽንን በጅምላ ከልክሎ ሲያበቃ፣ ራሱ ይሸጠው በነበረው ሰርፌስ ስቱዲዮ 2 ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን የ7ኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰር ማስገባቱን ያነሳሉ። ይህ ልዩነት መስመሩ የተሰመረው በቴክኒክ ምክንያት ብቻ ነው ብሎ ማመንን ያስቸግራል።

መስፈርቱን አልፎ መጫን ይቻላል፤ ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም የሚዘጋጅ ፍላሽ ፍተሻውን ይዘላል። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር ማሻሻያ እንደሚልክ ዋስትና አይሰጥም፤ ትልልቅ የሥሪት ለውጦች ሲመጡም ሥራው እንደገና በእጅ ይደገማል። ለግል ኮምፒውተር ሊያዋጣ ይችላል፤ ሃምሳ ኮምፒውተር ለሚያስተዳድር የአይቲ ክፍል ግን የማያልቅ ሥራ ነው።

ሌላው መንገድ የተራዘመው የደኅንነት ማሻሻያ ነው። ለግለሰቦች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚቆይ ሲሆን ዋጋው 30 ዶላር ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ቅንብሮች ከኩባንያው ማከማቻ ጋር ላገናኘ ሰው ግን ያለ ክፍያ ይሰጣል። የውጭ ምንዛሪ መክፈያ ካርድ ለሌለው ተጠቃሚ ይህ ሁለተኛው አማራጭ ብቸኛው ነው ማለት ይቻላል፤ ብዙ ሰው ግን መኖሩን አልሰማም። ለድርጅቶች ዋጋው በአንድ ኮምፒውተር በመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ሆኖ በየዓመቱ እየተባዛ ለሦስት ዓመት ይቀጥላል፤ ሦስቱ ዓመት ሲደመር 427 ዶላር ይሆናል፣ በዚህ ገንዘብ ያገለገለ ላፕቶፕ ይገዛል።

ዊንዶውስ፦ ጥንካሬውም ሸክሙም አሮጌው ፕሮግራም ነው

የዊንዶውስ ትልቁ ሀብት ለቆዩ ፕሮግራሞች ያለው ታማኝነት ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የተገዛ የሒሳብ ፕሮግራም ዛሬም ብዙ ጊዜ ይነሳል። በአገራችን የሒሳብ ሠራተኛ የሥራ ማስታወቂያ ሲወጣ "ፒችትሪ የሚችል" መባሉ የተለመደ ነው፤ ፕሮግራሙ ስሙን ቀይሮ ሴጅ 50 ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም እዚህ የቀረው የድሮው ስሙ ነው። ይህ ፕሮግራም የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ነው። መሐንዲሱ ሕንፃ የሚያሰላበት ኢታብስም እንዲሁ። የሰለጠነው ሰው፣ የመማሪያው ቪዲዮ፣ የሠፈሩ ጠጋኝ፣ የፕሪንተሩ ድራይቨር ሁሉ ዊንዶውስን ታሳቢ ያደረጉ ናቸው። አንድ ነገር ሲበላሽ በአቅራቢያ የሚጠግን ሰው መገኘቱ በሠንጠረዥ የማይገባ፣ ግን ከማንኛውም ሌላ ባሕርይ የማያንስ ጥቅም ነው።

ሸክሙም ከዚሁ ይመነጫል። አሮጌውን ሁሉ ለማስተናገድ ሲባል አሮጌው በር ክፍት ይቆያል፤ አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት በመሆኑም ቫይረስ ጸሐፊዎች በመጀመሪያ የሚያነጣጥሩት በእርሱ ላይ ነው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተላለፈ ፎልደሮችን ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ለአገራችን ጽሕፈት ቤቶች እንግዳ አይደለም። በተጨማሪ ዊንዶውስ የውጭ ኩባንያዎች ሶፍትዌር እስከ ሥርዓቱ እምብርት እንዲገባ ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በላከው የተሳሳተ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ተዘርረው አየር መንገዶችና ሆስፒታሎች ሥራ ያቆሙት በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ክራክ ሳያነሱ ማለፍ ንጽጽሩን ሐሰት ያደርገዋል። በአገራችን ዊንዶውስ "ነፃ" የሚመስለው ፈቃዱ በሕገወጥ መንገድ ስለሚከፈት ነው። ሕጉን ለጊዜው ትተን አሠራሩን ብቻ ብናይ፣ የመክፈቻው ፕሮግራም ሲጫን በመጀመሪያ የሚጠየቀው "ዲፌንደርን (የዊንዶውስን የራሱን ፀረ ቫይረስ) አጥፋ" የሚል ነው። ዘበኛው እንዲወጣ ተደርጎ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ሙሉ ሥልጣን ይዞ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ምን ትቶ እንደወጣ የሚያረጋግጥ የለም። የሌሎቹን ሥርዓቶች ዋጋ ከዜሮ ብር ዊንዶውስ ጋር የሚያወዳድር ሰው ይህን ሒሳብ ውስጥ አላስገባም።

ማክ፦ ማሽኑም ሥርዓቱም ከአንድ እጅ

ማክ ኦኤስን የሚሠራውም ኮምፒውተሩን የሚሠራውም አፕል በመሆኑ ሁለቱ ተስማምተው ይሠራሉ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ኤም1 የተባለውን የራሱን ፕሮሰሰር ካወጣ ወዲህ የማክ ላፕቶፖች የባትሪ ቆይታ በግልጽ ተሻሽሏል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። የሌሎች ኩባንያዎች የደኅንነት ሶፍትዌሮችም ከሥርዓቱ እምብርት ውጪ እንዲሠሩ መደረጉ የክራውድስትራይክ ዓይነት መዘዝ የመድረስ ዕድሉን ይቀንሰዋል። በቪዲዮ ቅንብርና በግራፊክስ ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች የሚመርጡት ያለምክንያት አይደለም።

ዋጋው ግን በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዶላር ምንዛሪ ከእጥፍ በላይ ማደጉ ክፍያውን አክብዶታል። ከዚያም አልፎ፣ እዚህ አገር የኮምፒውተር ዕድሜ የሚራዘመው ራም በመጨመርና ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ በመቀየር ሆኖ ሳለ፣ ከኤም1 ወዲህ በመጡት የማክ ላፕቶፖች ላይ ሁለቱም ከቦርዱ ጋር የተበየዱ ናቸው። 8 ጊጋባይት ራም ይዞ የተገዛ ማክ እስከ መጨረሻው 8 ጊጋባይት ነው።

ከውጭ የመጣ ያገለገለ ማክ የሚገዛ ሰው ሁለት ተጨማሪ ነገሮችን ማወቅ አለበት። የመጀመሪያው፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ማክ ኦኤስ ታሆ በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራ የመጨረሻው ሥሪት መሆኑን አፕል አስታውቋል፤ በርካሽ የሚሸጡት የኢንቴል ማኮች እንደ ዊንዶውስ 10 ማሽኖች ሁሉ ወደ ማብቂያቸው እየሄዱ ነው። ሁለተኛው፣ የቀድሞው ባለቤት ከአካውንቱ ያላወጣው ማክ አክቲቬሽን ሎክ በተባለው ቁልፍ ስለሚዘጋ ፎርማት በማድረግ አይከፈትም። በተረፈ በዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስ ተብሎ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ማክ ላይ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም፤ ኤክስፋት ካሉት ግን በሁሉም ላይ ይሠራል።

ሊነክስ፦ "ነፃ" ሲባል

ሊነክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ ብዙ ወገኖች የየራሳቸውን ዝግጁ ጥቅል ያወጣሉ፤ ጥቅሎቹ ዲስትሮ ይባላሉ። ለጀማሪ የሚመከሩት ኡቡንቱና ሊነክስ ሚንት ናቸው። ኡቡንቱ 24.04 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ ነፃ ማሻሻያ አለው። ሚንት ደግሞ 4 ጊጋባይት ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በደህና ይሠራል፤ ቲፒኤምም ሆነ ጀነሬሽን አይጠይቅም። ከላይ የጠቀስነው 840 ጂ4 በዊንዶውስ 11 መስፈርት የወደቀ ቢሆንም በሚንት ላይ ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግል ማሽን ነው። ሥርዓቱን ሳይጭኑ በፍላሽ አስነስቶ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን መፈተሽም ይቻላል።

በደኅንነት በኩል ፕሮግራሞች የሚወርዱት በዲስትሮው ከሚጠበቅ ማዕከላዊ ማከማቻ በመሆኑ ከየድረ ገጹ እየለቀሙ የመጫን ልማድ የሚያመጣው ጣጣ ይቀንሳል። ሊነክስ ቫይረስ አይነካውም የሚለው ግን የተጋነነ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ኤክስዜድ በተባለ ትንሽ የሊነክስ ክፍል ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ ሥውር በር ተገኝቷል። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ ከሰርቨር ጋር ለመገናኘት ይፈጅ የነበረው ጊዜ በግማሽ ሰከንድ ያህል መጨመሩ አጠራጥሮት ሲከታተል ነው፤ ግለሰቡ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ መሆኑ ከጉዳዩ ጎን ለጎን የሚያስገርም ነገር ነው። ክስተቱን አንዱ ወገን የክፍት ኮድ ጥቅም ማስረጃ አድርጎ ያነሳዋል፤ ሌላው በጥቂት በጎ ፈቃደኞች ላይ የመደገፍ አደጋ ያሳያል ይላል። ሁለቱም ንባቦች ትክክል ናቸው።

የሊነክስ እውነተኛ ዋጋ በሰው እውቀትና በመለማመጃ ጊዜ ይከፈላል። ፒችትሪ፣ ፎቶሾፕና ዋናው የማይክሮሶፍት ኦፊስ በቀጥታ አይጫኑበትም። ዋይን በተባለው አስታራቂ ፕሮግራም አንዳንዶቹ ይነሳሉ፣ ሌሎቹ ይነሱና መሐል ላይ ይቆማሉ። የኦፊስ ምትክ የሆነው ሊብሬኦፊስ የወርድ ፋይሎችን ይከፍታል፤ ደብዳቤው የተጻፈበት ፎንት በኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ግን ሌላ ይተካበትና መስመሮቹ ይገፋሉ፤ በሁለት ገጽ ያለቀው ደብዳቤ ፊርማው ብቻውን ሦስተኛ ገጽ ላይ ይወድቃል። ጥቃቅን ትመስላለች፤ አለቃው "ይህን ነገር አንሱልኝ" የሚለው ግን በእንዲህ ዓይነቷ ምክንያት ነው።

ሥራቸው በሙሉ በኢንተርኔት ላይ ለሆነ ሰዎች የጎግሉ ክሮም ኦኤስ ፍሌክስም በአሮጌ ማሽን ላይ በነፃ ይጫናል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ግን ብዙ አያስኬድም።

የግዕዝ ፊደልና የቆዩ ሰነዶች

በአማርኛ ለሚሠራ መሥሪያ ቤት ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። የግዕዝ ፊደል እያንዳንዱን ፊደል በዓለም ደረጃ የራሱ ቁጥር በሚሰጠው የዩኒኮድ መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት፣ ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን በመሳሰሉ ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀምጠው ይሠሩ ነበር። ኮምፒውተሩ "ሀ" መሆኑን አያውቅም፤ የሚያውቀው አንድ የላቲን ምልክት መሆኑንና ፎንቱ "ሀ" አስመስሎ እንደሚስለው ብቻ ነው። ፎንቱ በሌለበት ሰነዱ ሲከፈት የተምታታ የላቲን ፊደልና ምልክት የሚታየው ለዚህ ነው።

ይህ ችግር ብዙ ጊዜ በሊነክስ ላይ ይሳበባል፤ ነገር ግን ያው ሰነድ ፎንቱ ያልተጫነበት አዲስ ዊንዶውስ 11 ላይም እንዲሁ ይታያል። በሦስቱም ሥርዓቶች ዛሬ የአማርኛ ፊደል በዩኒኮድ ያለችግር ይነበባል። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ኒያላን፣ ማክ ከፋን፣ የሊነክስ ዲስትሮዎች አቢሲኒካንና ኖቶን ያቀርባሉ። ኪይማን የተባለው ነፃ የመጻፊያ ፕሮግራም ደግሞ በሦስቱም ላይ አለ። የሚቀረው የጸሐፊዋ ጣት ነው። ለሃያ ዓመት በፓወር ግዕዝ አመታት ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ የምትጽፍ ባለሙያ የፊደል ገበታው ሲቀየርባት ፍጥነቷ በግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ ይህን ወጪ በዕቅዱ ውስጥ የሚጽፍ የአይቲ ክፍል ጥቂት ነው።

ሙኒክና የፈረንሳይ ጀንዳርመሪ

የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ሊነክስ ለመዞር ወስና እስከ 2013 ድረስ 15 ሺህ ያህል ኮምፒውተሮችን አዛወረች፤ በ2017 ግን ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ድምፅ ሰጠ። የተመላሾቹ ክርክር ሠራተኞች በሰነዶች አለመጣጣም ተማረዋል የሚል ነበር። የሊነክስ ደጋፊዎች ችግሩ የአይቲ አደረጃጀቱና የፖለቲካው ነው ብለው ይሟገታሉ። በሌላ በኩል የፈረንሳይ ጀንዳርመሪ፣ በወታደራዊ ሥርዓት የሚመራው የአገሪቱ ፖሊስ፣ ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ወደ ነፃው ኦፕንኦፊስ አስቀድሞ አለፈ፤ ቀጥሎ የኢንተርኔት መክፈቻውንና የኢሜይል ፕሮግራሙን ለወጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ኡቡንቱ መዞር ሲጀምር ሠራተኛው በስክሪኑ ላይ ያየው ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ ሳለ የለመደው ነበር። የጀርመኗ ሽሌስቪግ ሆልሽታይን ግዛትም ለ30 ሺህ ያህል ኮምፒውተሮች ያወጣችው ዕቅድ በሊብሬኦፊስ የሚጀምር ነው። ሁለቱ ፕሮግራሙን አስቀድመው ሥርዓቱን ወደ መጨረሻ አቆዩ፤ እዚህ አገር ብዙ ጊዜ የሚሞከረው በተገላቢጦሽ ነው፤ ሊነክስ በአንድ ቅዳሜ ይጫናል፣ ሰኞ ጠዋት ሒሳብ ክፍሉ ይጮኻል።

ምን ሊከተል ይችላል?

ከመሥሪያ ቤቶች አብዛኞቹ በአንድ ሥርዓት ላይ እንደማይጠቃለሉ መገመት ይቻላል። ፒችትሪ የሚሠራበት ሒሳብ ክፍልና የዲዛይን ክፍሉ በዊንዶውስ 11 ላይ ይቆያሉ፤ ኢሜይልና ኢንተርኔት ብቻ የሚጠቀሙ ክፍሎች፣ የትምህርት ቤት ላብራቶሪዎችና ቤተ መጻሕፍት ግን 7ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በታች ያሉ ማሽኖቻቸውን በሊነክስ ሊያቆዩ ይችላሉ። መቆየት የማይገባቸው ከበይነመረብ ጋር ተያይዘው የባንክ ሥራና የደንበኛ መረጃ የሚያልፍባቸው፣ የተራዘመውን ማሻሻያ ያልወሰዱ የዊንዶውስ 10 ኮምፒውተሮች ናቸው። ከኢንተርኔት ተለይቶ ለማተሚያ ብቻ የሚያገለግል ማሽን ለጊዜው ሊታገሥ ይችላል፤ ፍላሽ እስከሚሰካበት ድረስ ግን ከአደጋ ውጪ ነው ማለት አይደለም።

በገበያው ላይ የሚታየው ለውጥ ደግሞ ለገዢው ቅርብ ነው። በውጭ አገር ያሉ ኩባንያዎች የዊንዶውስ 11 መስፈርት የማያሟሉ ላፕቶፖቻቸውን በብዛት ስለሚያስወግዱ፣ ያገለገሉ የ6ኛና የ7ኛ ጀነሬሽን ማሽኖች በርከት ብለው ወደ እኛ ገበያ መምጣታቸው የሚጠበቅ ነው። ብዙዎቹ ዊንዶውስ 11 በግድ ተጭኖባቸው፣ ማያ ገጻቸው ተወልውሎ ይቀርባሉ፤ ሲከፈቱ ከሌላው የሚለያቸው ምንም የለም። "አይ5 ነው፣ ዊንዶው ኢለቨን አለው" የሚለው የሻጩ ቃል ሁለቱም ግማሹ እውነት ሊሆን ስለሚችል፣ ገዢው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ "አባውት" የሚለውን ከፍቶ ከሰረዙ በኋላ ያለውን አኃዝ ማንበብ አለበት። ያ ቁጥር 6 ወይም 7 ከሆነ የሚገዛው የሊነክስ ማሽን ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ መሆን ይገባዋል።